ጋሽ ዙሪያ የመረጡት ክፍል

ጋሽ ዙሪያ ፎቶ ሲሰጣቸው መጀመሪያ ፊቱን አያዩም። ጠረጴዛቸው ላይ ዘርጋ ያደርጉትና ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በአራቱም ጎን ይዞሩታል፤ ታቹን፣ ቀኙን፣ ላዩን፣ ግራውን። ከዚያ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይደምሩና «ዙሪያው ሁለት ሜትር ከሃያ» ይላሉ። ሙሽሮች ይሁኑ ሟች፣ ተመራቂ ይሁን ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን፣ ለሳቸው ሰው የሚጀምረው ከዙሪያው ነው። አይፈረድባቸውም። የፍሬም እንጨት የሚገዛው በርዝመት፣ የሚቆረጠው በርዝመት፣ የሚያልቀውም በርዝመት ነው። መስታወቱን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው መስታወት ቤት ቆርጦ ያቀብላቸዋል። መሃሉ የሌላ ሰው ጣጣ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን የፈጁት ጠርዙ ላይ ነው።

«ዙሪያ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው የዳማ ጓደኛቸው፣ ሴራሚክ ነጣፊው ነው። እሳቸውም አላረፉም፣ እሱን «ካሬ» አሉት። እንጀራው ወለል ስለሆነ የገባበትን ቤት ሁሉ በካሬ ሜትር ካልገመተ አይቀመጥም። ሻይ ቤት ሲገባ እንኳ ሻዩን ከማዘዙ በፊት ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ያያል። «ይሄ ቤት ሠላሳ ካሬ አይሞላም» ይላል፣ ማን ጠየቀው። ሁለቱ ከሥራ መልስ የሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ በቆርኪ ዳማ እየተጫወቱ ይተራረባሉ። ካሬ ጓደኛውን አጥር ለክቶ ጓሮውን የሚረሳ ሰው ነው ይለዋል። ጋሽ ዙሪያ ደግሞ ካሬን ጓሮ መሃል ቆሞ አጥሩ የት እንደደረሰ የማያውቅ ይሉታል። ዳማውን ማን እንዳሸነፈ ግን የሚያስታውስ የለም።

የፍሬም ሱቃቸው በስልክ ጠጋኝና በመድኃኒት ቤት መሃል የተሰነቀረች ጠባብ ቤት ናት። ከበስተኋላዋ አንድ መደርደሪያ አለ። ሥራው አልቆ ባለቤቱን የሚጠብቅ ፎቶ በጋዜጣ ተጠቅልሎ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ብዙው ሰው በሳምንቱ ይመጣል። አንዳንዱ ይረሳል፤ አንዳንዱ አገር ይቀይራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ፎቶው ውስጥ ካለው ሰው ጋር ይጣላል። ሌላ ፍሬም ሠሪ ቢሆን ፎቶውን አውጥቶ ይጥልና ፍሬሙን ለሌላ ሰው ያውለዋል። የጋሽ ዙሪያ እጅ ለዚህ ነገር አይታዘዝም። ዓመት ሞልቶት ፈላጊ ያጣውን ጋዜጣውን ይፈቱታል፣ መስታወቱን በእጅጌያቸው ይወለውላሉ፣ ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ ቤታቸው ይወስዱና ግድግዳቸው ላይ ይሰቅሉታል።

እንዲህ እንዲህ እያለ የቤታቸው ግድግዳ ሰው በሰው ሆነ። ኮፍያቸውን ያዘነበሉ ሽማግሌ፣ አንድ ዓይነት ሹራብ የለበሱ መንትዮች፣ ነጭ ጋወን ያደረገች ነርስ፣ ዋንጫ ያነሣ የእግር ኳስ ቡድን፣ ልክ ፎቶው ሲነሣ ዓይኑን የጨፈነ ሙሽራ። አንዳቸውንም አያውቋቸውም። ሥራ ውለው ሲገቡ ግን የሚያወሩት ከነሱ ጋር ነው። ሻይ እያፈሉ ለቡድኑ የኳስ ውጤት ይነግሩታል፤ ሙሽራውን «አንተ ዛሬም አልነቃህም?» ይሉታል። ጎረቤት ሰምቶ ሰውየው ለቀቀ እንዳይል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ዱሮማ ቤታቸው የሚያወራ ሰው ነበረው። ሚስታቸው የሣቅ ሰው ነበረች፤ ስትስቅ የያዘችውን ዕቃ ማስቀመጥ ነበረባት። እሷ ካለፈች በኋላ አባትና ልጅ ሁለቱ ቀሩ፤ ቆይቶ ልጃቸው አገባችና ባሏን ተከትላ ሩቅ ከተማ ሄደች። ስትሄድ የእናቷን አልጋ ሰጧት። ሰፊ አልጋ ነው፣ ወርዱ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር። ራስጌው ላይ ጋሽ ዙሪያ ገና ሙሽራ ሳሉ ከፍሬም እንጨት ቁርጥራጭ ጠርዝ የሠሩለት ነው። «እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል» አሉና ሲጫን ቆመው አዩ። በማግሥቱ ለራሳቸው ጠባብ የብረት አልጋ ገዙ።

የሚኖሩበት ግቢ የእትዬ ነው። እትዬ የፊት ለፊቱን ቤት አፍርሰው ሱቅ ለማሠራት ሲነሡ ተከራዮቻቸውን ሜዳ ላይ አልበተኑም። በጓሮ በኩል ጎን ለጎን ሁለት ክፍል አሠሩና አንዱ ለጋሽ ዙሪያ፣ አንዱ ለልብስ ሰፊዋ ይሁን አሉ። ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ ከጋሽ ዙሪያ ጋር በአንድ ግቢ ስንት ዘመን ሲኖሩ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም። እትዬ «ቀድመው የገቡት አንቱ ነዎት፣ ምርጫው ያንቱ ነው» አሏቸው።

አንደኛው ክፍል ደልደል ያለ ነው። ሁለተኛው ቀጠን ብሎ ወደ ውስጥ ይረዝማል። ጋሽ ዙሪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። አንደኛውን ዞሩት፦ አራት በሦስት ተኩል፣ ዙሪያው አሥራ አምስት ሜትር። ሁለተኛውን ዞሩት፦ ስድስት በሁለት፣ ዙሪያው አሥራ ስድስት። የሚለቁት ቤት አራት በአራት ነበር፤ እሱም ዙሪያው አሥራ ስድስት። ፊታቸው በራ።

«በሉ ይሄ የድሮ ቤቴ ማለት ነው» አሉ፣ የረጅሙን ክፍል ግድግዳ መታ መታ እያደረጉ። «ያኛው በአንድ ሜትር ያንሳል።»

እትዬ አንገታቸውን አስግገው አዩና ይሄ አይጠብም ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ዙሪያ ለክተውታል፣ አለቀ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ መለስ አለችና ሻሿን አስተካከለች። ደልደል ያለው ክፍል ለሷ ደረሳት።

መጀመሪያ ሰሞን ጋሽ ዙሪያ በቤታቸው ኮሩ። ረጅሙ ግድግዳ እንደ ልብ ነው። ድሮ ተደራርበው የነበሩት ፎቶዎች አሁን በአንድ ተርታ ተሰለፉ፤ መንትዮቹና ነርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ አገኙ። ከታች ያለው ያቺው ጠባብ የብረት አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ጠረጴዛና ምድጃ ስለሆነ ለአንድ ሰው ምንም አልጎደለም።

ልጃቸው የደወለችው እንዲህ ተደላድለው ሳሉ ነው። ነገሩን በአጭሩ ነገረቻቸው፤ ዱሮም ቃል የምትቆጥብ ናት። ከባሏ ጋር ተለያይተዋል። መሥሪያ ቤቷ ወደዚህ ከተማ አዛውሯታል። ቤት ልትፈልግ ነበር፤ ግን እሳቸው ጋ ቦታ ካለ እሳቸው ጋ ብትገባ ደስ ይላታል። ጋሽ ዙሪያ ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወሩት፣ በደንብ የሰሙ አልመሰላቸውም።

«አባዬ፣ የእማዬን አልጋ ይዤ ነው የምመጣው። ክፍሉ ይችለዋል?»

«ይችላል እንጂ። ከድሮው ቤታችን አያንስም። እኔው ራሴ ለክቼዋለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለግድግዳው ሰዎች ወሬውን አበሠሩ። ኮፍያ ላዘነበሉት ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ነገሯቸው። ከዚያ ያጠራቀሙትን ጋዜጣ አወጡና በአልጋው ልክ፣ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር፣ ወለሉ ላይ አነጠፉ። ሊያዩት ነው እንጂ ሊለኩት አልነበረም።

ጋዜጣው ወለሉን ዋጠው። ወርዱ ሁለት ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ሜትር ተኩል አልጋ ሲገባ የሚተርፈው አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ግማሽ ሜትር ነው። የብረት አልጋቸውን ከጎኑ ለማድረግ ሞከሩ፣ አልሆነም። በተርታ አስከተሉት፣ ገባ፤ ግን ቁም ሣጥኑና ጠረጴዛው በሩ ሥር ተከመሩ፣ በሩም ወደ ውስጥ የሚከፈት ነውና ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። የልጅቱ ቁም ሣጥን ደግሞ ገና አልመጣም። ከሁለቱ ወደ ውስጥ የሚተኛው በሌላው አልጋ ጎን እየታከከ ሊያልፍ ነው። መጋረጃ ልጋርድ ቢሉ የት ይጋረዳል። ጋሽ ዙሪያ ሜትሩን ተጠራጠሩና ክፍሉን እንደገና ዞሩት። አሥራ ስድስት። የድሮው ቤትም አሥራ ስድስት ነበር፤ እዚያ ያ አልጋ፣ የልጅቱ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ጠረጴዛ ገብቶ መሃል ላይ ሚስታቸው ልብስ ትተኩስ ነበር። የቀረው የት ገባ?

ካሬ ነገሩን ሲሰማ አልሳቀም፤ ይሄ ራሱ አስደነገጣቸው። የዳማውን ቆርኪ ከገበታው ላይ ጠረገና «ያቺን ሲባጎ አምጣ» አለ። ጋሽ ዙሪያ ለፎቶ መስቀያ የሚሆን ሲባጎ ከኪሳቸው አይለይም። ካሬ አሥራ ስድስት ቆርኪ በአራት ረድፍ አራት አራት አድርጎ አስጠግቶ ደረደረ፤ በሲባጎው ዙሪያውን ከበበና ልክ ሲገጥም ቋጨው።

«ይሄ የድሮ ቤትህ ነው። ስንት ቆርኪ ያዘ?»

«አሥራ ስድስት።»

ካሬ ሲባጎውን ሳይፈታ ሁለት ጎኑን ይዞ ሳበው። እኩል የነበረው አራት ማዕዘን ወደ ረጅም ሣጥን ተለወጠ። አሁን ስድስት ስድስት ቆርኪ በሁለት ረድፍ ሆነና አራት ቆርኪ ውጪ ቀረ። «ይሄ አሁን የገባህበት ነው። ሲባጎዋ ያችው ናት፣ አልቆረጥኳትም። ቆርኪው ግን አሥራ ሁለት።» እንደገና ሳበው። ሰባት ቆርኪ በአንድ ረድፍ ተሰልፎ ቀረ፤ ሲባጎው ያው ነው። በመጨረሻ ጨርሶ ሲስበው ሁለቱ ክር ተጣበቁና መሃሉ አንድም ቆርኪ የማይገባበት ሆነ። «ዙሪያው ግን አሁንም አሥራ ስድስት ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለ።

ጋሽ ዙሪያ ሲባጎውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ስለ አንደኛው ክፍል ጠየቁ፤ ያ በአንድ ሜትር ያንሳል ያሉት። ካሬ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ሠራው። አራት በሦስት ተኩል አሥራ አራት ካሬ ነው። በዙሪያ ያንሳል፣ በወለል ይበልጣል።

«እንግዲህ ተሳሳትኩ በለኛ» አሉ ቀስ ብለው።

ካሬ ቆርኪዎቹን ሰበሰበ። «የተሳሳትክ አይመስለኝም፣ ወንድሜ። ፎቶ የሚሰቀለው ግድግዳ ላይ ነው፣ ሰው የሚተኛው ወለል ላይ። አንተ የለካኸው ለፎቶዎቹ ነው። ልጅቱ ትመጣለች ብለህ አልለካህም።» ቀጥሎ ግን ፊቱን ፈታ አድርጎ መፍትሔውን ነገራቸው፦ ልጅቱ ሳትመጣ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሂድ፣ ተሳስቻለሁ በላት፣ ተቀያየሩ። እሷ የምታንቀሳቅሰው ጠረጴዛና የስፌት መኪና ነው። ጋሽ ዙሪያ ዕድሜ ልካቸውን ሲለኩ ኖረው ይሄን ቃል እንዴት አድርገው እንደሚያወጡት ጠየቁ። ካሬ በአፍህ ነዋ አላቸው።

በማግሥቱ ከሥራ ሲገቡ የልብስ ሰፊዋ በር ክፍት ነበር። መሃል ላይ የመቁረጫ ጠረጴዛዋ ቆሟል፤ እሷ በአራቱም ጎን እየዞረች ጨርቅ ትቆርጣለች፤ ዞራ ዞራ ምንም አትነካም። ጋሽ ዙሪያ ደፍ ላይ ቆሙ። በወለሉ ላይ ዓይናቸው ሄደ፦ እዚያ ጋ ያ አልጋ፣ እዚያ ጋ የብረቱ፣ መሃል መጋረጃ፣ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ። ሁሉም ይገባል።

«ይግቡ ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?» አለች፣ መቀሷን አስቀምጣ።

ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው። አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ግን ሚስማር ይኖራታል ወይ የሚል ጥያቄ ሆነ። ሠፈሩ ውስጥ ሚስማር የሚለምነው ሰው ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ጋ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግራ ገብቷት አየቻቸው፤ ሆኖም ሳጥኗን አገላብጣ አንድ የጎበጠ ሚስማር አገኘችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። አመስግነው ተቀበሉ። ክፍላቸው ገብተው ሚስማሩን በመዶሻ አቃኑት፤ ከዚያ የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

ጭነት መኪናው ሲመጣ ግቢው ሁሉ ወጣ። ልጃቸው ከጋቢናው ወርዳ አቀፈቻቸው፤ ትከሻዋ ቀጥኗል። ሻንጣ፣ ቁም ሣጥን፣ ከዚያ በብርድ ልብስ የተጠቀለለው አልጋ ወረደ። ጋሽ ዙሪያ ራስጌውን ዳሰስ አደረጉት፤ በወጣትነታቸው የቆረጡት ማዕዘን አሁንም አልተላቀቀም። ሁለት ተሸካሚዎች አነሡትና በሩ ጋ ደረሱ። የፊተኛው ወደ ውስጥ አየና ቆመ።

«አባባ፣ ክፍሉ የት ነው? ይሄማ ኮሪደሩ ነው።»

ሰው ሣቀ። ልጅቱም ሣቀች፤ ቀልድ መስሏት ነበር። አልጋውን አስገቡት፣ አወጡት፣ አቁመው አስገቡት። ቁም ሣጥኑ ከገባ አልጋው አይገባም፣ አልጋው ከገባ በሩ አይዘጋም። የሁለተኛው ተሸካሚ ትከሻ ነርሷን ከግድግዳው ላይ አወረዳት፤ ጋሽ ዙሪያ መሬት ሳትደርስ ቀለቧት። አልጋው ተመልሶ ሜዳ ላይ ሲቀመጥ ሣቁ ቆሟል።

ልብስ ሰፊዋ ከበሯ ወጣች። ክሩ ገና ቀሚሷ ላይ ነው። እንደ ነገሩ ሳይሆን ከልቧ ነበር የተናገረችው።

«ጋሼ፣ እኔ ልቀይርዎት። ጠረጴዛዬን ማንሣት ብቻ ነው። አሁኑኑ ሰዎቹ እያሉ።»

ይኸው በሩ ተከፍቶላቸዋል። አዎ ቢሉ አለቀ። ግን እትዬ ቆመዋል፤ ይሄ አይጠብም ወይ ያሉት እትዬ። ተሸካሚዎቹ ቆመዋል። ልጃቸው ቆማለች፤ እኔው ለክቼዋለሁ ያሏት ልጅ። ጋሽ ዙሪያ ነርሷን እንደታቀፉ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«አይ፣ ግድ የለም» አሉ። «እኔ ይሄን የመረጥኩት ለግድግዳው ብዬ ነው።»

ልጃቸው ዘወር ብላ በክፍት በሩ ወደ ውስጥ አየች። በረጅሙ ግድግዳ ላይ የተሰለፉትን ሰዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ አየቻቸው።

አልጋው ሜዳ አያድርም ያሉት እትዬ ናቸው። ለጊዜው ልብስ ሰፊዋ ጋ ይግባ ተባለ፤ ገባም፣ ያለ ችግር፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጎን። አልጋው እዚያ ከሆነ ልጅቱም እዚያ ማደሯ ነው። ጋሽ ዙሪያ እቤታቸው ሆነው ከዚያ አልጋ በአንድ ግድግዳ ተለይተው ተቀመጡ።

ራት ከሳቸው ጋር ትበላ ነበር። ክፍሉ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አያስቀምጥምና የብረቱ አልጋ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው፣ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ። ሥራ እንዴት ዋለ፣ ደህና ዋለ፤ ዳቦው ይጨመር፣ ይበቃኛል። አንድ ቀን ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀምጣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች።

«የኔ ፎቶ የት አለ?»

«አንቺ እዚህ አትሰቀይም» አሉ።

ምክንያት ነበራቸው፤ ግን እሱን ትተው ዳቦ ቆርሰው አቀበሏት። ልጅቱም አልጠየቀችም። ሳህኖቹን አጥባ፣ ደህና እደር ብላ ወጣች።

ከዚያ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ይጀምራል። መጀመሪያ የስፌት መኪናው፣ ከዚያ የልብስ ሰፊዋ ወሬ፣ ከዚያ የልጃቸው። ቃሉ አይለይም፤ ብቻ ልጃቸው ብዙ ታወራለች። ለሳቸው በአንድ ሳምንት ያልተናገረችውን እዚያ በአንድ ምሽት ትናገራለች። አንዳንዴ ድምፅዋ ዝቅ ይልና ልብስ ሰፊዋ እሽ እሽ ስትል ይሰማል። አንድ ምሽት ግን ሁለቱም በሣቅ ፈነዱ፤ ልጅቱ ስትስቅ አንድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ጋሽ ዙሪያ ሰሙ። ልክ እንደ እናቷ። ሣቁ በግድግዳው አልፎ የቡድኑን ፎቶ አንቀጠቀጠው። ጋሽ ዙሪያ ተነሥተው በእጃቸው ያዙት። እነዚያን ምሽቶች ለፎቶዎቹ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ የማዶው ድምፅ ወዲህ ከተሰማ የሳቸውም ወዲያ መሰማቱ አይቀርምና። በሰው ተከበው እንዲያ ዝም ብለው አያውቁም።

የትምህርት ቤት መከፈቻ ሲቃረብ የልብስ ሰፊዋ ክፍል በተማሪዎች የደንብ ልብስ ተሞላ፤ ልጅቱ በሰው ላይ መክበድ አልወደደችም። ከመሥሪያ ቤቷ አጠገብ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ቤት አገኘች። ይሄን ልትነግራቸው የመጣችው ሱቃቸው ነው። ጋሽ ዙሪያ የፍሬም ማዕዘን እየቆረጡ ነበር። ሰሟት፤ መጋዙን አቆሙ፤ አቧራውን ከጠረጴዛው ላይ በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ተሳስቼ ነው» አሉ።

«ምኑን አባዬ?»

ሲባጎዋን ከኪሳቸው አወጡ። ካሬ የቋጫት ቋጠሮ ገና አልተፈታም። ጠረጴዛው ላይ በአራት ማዕዘን ዘረጓትና ውስጧ መዳፋቸውን አሳረፉ፤ ገባ። ከዚያ ሳብ አድርገው አቀጠኗት፤ መዳፋቸው አልገባ አለ። «ይሄን ለካሁ» አሉ ጣታቸውን በሲባጎው ላይ እየነዱ። «ይሄን አልለካሁም።» ከዚያ የሲባጎውን መሃል፣ ባዶውን ጠረጴዛ፣ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። «ለግድግዳው ብዬ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ሰው ፊት ተሳሳትኩ ማለት ከበደኝ።»

ልጅቱ ሲባጎዋን ብዙ አየቻት። ወስዳ እሷም ዘረጋቻት፣ አጠበበቻት፣ እንደገና ዘረጋቻት።

«ያን ቀን ብትለኝ ኖሮ እኮ…» አለችና ተወችው። ጋሽ ዙሪያ አሁንም መቀየር ይቻላል፣ ሴትዮዋ እሺ ትላለች አሉ። ይቻል ይሆናል፤ ግን ለባልደረባዋ ቃል ሰጥታለች፣ ያቺም ሌላ ሰው አሰናብታ ነው የምትጠብቃት። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይሻላቸው ነበር።

«እሺ፣ እኔስ ለምንድነው የማልሰቀለው?»

«እዚያ ያሉት ሊወስዳቸው ማንም ያልመጣ ናቸው» አሉ። «አንቺን እንዴት አድርጌ ከነሱ ጋር እሰቅላለሁ?»

ስልክ ጠጋኙ ከጎን ሙዚቃ ከፍቶ ነበር፣ ዘጋው። ልጅቱ ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ ፎቶ አወጣች። ያ አልጋ ነው፤ እናትዬው ራስጌው ላይ ተደግፋ ትስቃለች፣ ልጅቱ ሕፃን ሆና ጭኗ ላይ፣ ጋሽ ዙሪያ ከዳር፣ ግማሽ ትከሻቸው ከፎቶው ወጥቶ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፍሬም ሥራልኝ፣ እሑድ መጥቼ እወስደዋለሁ አለቻቸው። ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነበር። ቶሎ አላወረዱትም፤ መጀመሪያ ፊቶቹን አዩ።

ካላቸው እንጨት ሁሉ ደህናውን መረጡለት። ማዕዘኑን እንደ ወጣትነታቸው ቆረጡ፣ መስታወቱን ወለወሉ፣ በጋዜጣ ጠቅልለው መደርደሪያው ላይ ከፊት አደረጉት። የዚያን እሑድ ደውላ ሥራ በዛብኝ አለች። በሚቀጥለው ባልደረባዋ አመማት። አንድ እሑድ ግን መጣች። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሻይ ጠጣች፣ ስለ አለቃዋ ነገረቻቸው፣ አንድ ጊዜም ሣቀች። ስትሄድ ፍሬሙ መደርደሪያው ላይ ቀረ። ረስታው ይሁን ትታው አልለየላቸውም፤ እሳቸውም አላስታወሷትም። ካልወሰደችው ልትወስደው መምጣቷ አይቀርም ብለው አሰቡ።

ከዚያ ወዲህ ገና አልመጣችም። ልብስ ሰፊዋ እንቀያየር ያለችውን ደግማ አንሥታ ነበር፤ ለአንድ ሰው ይበቃል አሏት። ካሬ ደግሞ እሑድ እሑድ ማን ፍሬም ያሠራል ብለህ ነው ሱቅ የምትከፍተው ይላቸዋል። ስልክ ጠጋኙ ዘግቷል፣ መድኃኒት ቤቱ ዘግቷል፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም። አንድ እሑድ ካሬ ያን የተጠቀለለ ነገር በአገጩ አመለከተና፣ ቤትህ ያን ሁሉ ግድግዳ ይዘህ እዚህ አቧራ የምታስጠጣው ለምንድነው፣ ውሰድና ስቀለው አላቸው።

ጋሽ ዙሪያ ፍሬሙን አወረዱት። ጋዜጣው ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ፈቱት፣ መስታወቱን በእጅጌያቸው ወለወሉ፣ ትንሽ አዩት፣ ከዚያ በአዲስ ጋዜጣ እንደገና ጠቀለሉት።

«ዓመት አልሞላውም እኮ» አሉና ወደ ቦታው መለሱት።